መቶ

ማክሰኞ ጧት ነበር፣ ኦክመልጊ ከተማ፤
ቬርና ያሆላ መጣች፣ ፎርዷ እያነከሰ፣ ምስማር በዋጠ ጎማ።
ጋራዡ አልሞቀም፤ ብረቱ ሁሉ ጣት ይቆነጥጣል።
ወንበር ስቤ ሰጠኋት። ጭኗ ላይ አኖረች
የጫማ ካርቶን፤ ወረቀት ትቆርጣለች፤
ዓሣ፣ አጋዘን፣ እሳት፣ በእርሳስ የተሣሉ፣
ከሥራቸው ቃል ተጽፎ ለልጆች የሚታደሉ።

«ምን ታስተምሪያለሽ?» አልኳት፣ ጎማው ሥር ጎንበስ ብዬ።
«ቋንቋችንን» አለች። «የማንን?» አልኩ ተከትዬ።
«ክሪክ ይሉናል ሰዎቹ።»
እጄን አየሁት፤ ክሪክ ይዟል፣ በግራሶ የወዙ ክንዶቹ።
በኔ አፍ ክሪክ ማለት መኪና ማንሻ ነው፣
አጭር ብረት፣ ሸክሙ ከቁመቱ የሚበልጠው።
ስነግራት ሳቀች፣ መቀሷን አስቀምጣ፤
«የእናንተው ይሻላል» አለች፣ «ከኛው ጣጣ።

የኛው ጅረት ማለት ነው፤ እሱም የአንድ ሰፈር፣
ጆርጂያ ውስጥ፣ ኦቺስ ተብሎ የሚጠራ ነበር።
የአጋዘን ቆዳ ሊገዛ የመጣ እንግሊዝ ነጋዴ
ዳሩ ላይ ያገኛቸውን መዝገቡ ላይ ጻፈ አንዴ፦
‹የኦቺስ ጅረት ሰዎች›። ስሙ ረዘመበት፤
ለቀለሙ ሲሳሳ ኦቺስን ፋቀበት፤
ቀረ ‹ጅረት›።
ያን ውሃ ቀምሶ የማያውቅ፣ ከዚያ ብዙ ቀን ርቆ የሚኖር
በዚያው ስም ተጠራ፣ መንደር በመንደር።»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤
ለካ የቆዳ ነጋዴም ያወጣል፣ መንገዱ ሲመሽበት።
የወንዜ ልጅ ብሎ መጥራት ፍቅር ነው በኛ ዘንድ፤
ወንዙ ስሙን ሲነጠቅ ግን፣ ልጅነቱ ከየት ይወለድ?

«እናንተስ ራሳችሁን?» ካርድ አነሣች፣ ጻፈች፤
ከኤም ቀጥላ ቪን አቆመች። ምላሴ ተሰናከለች።
«ቪ አትበላት» አለች፤ «ፊደል ሲያልቅባቸው አበደሩን ይቺን፤
ድምፅዋ ኧ ነው፣ መልስ እንደጠፋው ሰው፤ መስኮኬ» አለችኝ።

ጠመኔ በእጄ ነበር፣ ቀዳዳውን ላመለክት፤
ጎማው ጎን ላይ ጻፍኩ አንዲት ፊደል፦ መ። አየቻት።
«ኧ ውስጧ ነው» አልኳት፣ «ያለ ብድር፣ ያለ ወለድ።»
በጣቷ ተከተለቻት፣ ከላይ ወደ ታች ስትወርድ።

«መስኮኬስ ምን ማለት ነው?» «እርግጡን የሚያውቅ የለም፤
ረግረግ የሚሉ አሉ፣ ከጎረቤት ቋንቋ፤ አልጣላቸውም።
ይሄ ከተማ ግን፣ ስሙ የሚንተከተክ ውሃ ነው፤
ውሃው እዚያው ጆርጂያ ነው የቀረው።
ሲነዱ፣ በብርድ፣ ዕቃ በየመንገዱ ሲጥሉ፣
ስሙን ተሸክመው ተሻገሩ፣ እያነከሱ፣ እየዛሉ።

አባቴን ትምህርት ቤት አፉን በሳሙና አጠቡት፤
ከዚያ ወዲያ መስኮኬ የሚያወራው ከውሻው ጋር ነው፣ ደጅ፣ ሲመሽለት።
እኔም ከውሻው ነው የተማርኩት።
ና ሲለው ሲመጣ፣ ተኛ ሲለው ሲተኛ አይቼ፣
መስኮት ሥር ተደብቄ፣ ቃል በቃል አከማችቼ።»

ጎማው ታሰረ። ክሪኩን ሳወርደው መኪናዋ ዝቅ አለች።
ቬርና ቦርሳዋን ከፍታ «መቶ» አለች።
«ኧረ መቶ አይሞላም! ሃያ አምስት ዶላር ነው።»
«መቶ ማለት» አለች እየሳቀች፣ «አመሰግናለሁ ነው።»
በኛ ቁጥር ነው ስላት ሳቋን ገታ አደረገች፤
ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ስሞች ስትጠራ ቆየች፣
ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር የሚቀመጡትን፣
ከወንዙ ማዶ ያሉትን፣ ባለፈው ወር የሞቱትን።
«ያለ ካርድ የሚያወሩት፣ እኔ የማውቃቸው?
መቶ አይሞላም» አለች። ጓንቷን አጠለቀች።

ሃያ አምስቱን ከፈለች። ልጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቋታል።
ጠመኔውን ሳልጠርግ ሄደች፤
መ በጎማዋ ጎን ትዞራለች፣
ተገልብጣ፣ ቀንታ፣ ተገልብጣ።